ከመጨረሻው ያነበብነው ጀግና

ዛሬ አሰላ፣ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ቤት፣ የልጅነታችን ጀግና ሞተብን!

በደርግ ጊዜ አንድ ጃፓናዊ የእርሻ ባለሙያ የጀብዱ ሥዕል መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። ቋንቋው የት ይገባናል? ግርማ ግን ሥዕሉን እያየ ለሰፈሩ "ይተረጉም" ነበር፦ የሞቱት ይነሣሉ፣ ጀግናውም ጎራዴውን ይዞ እናቱ ቤት ይገባል።

ልጃቸው ግንባር የዘመተባቸው እትዬ አስካለ ሁሌ "እስቲ ድገመው" ይሉት ነበር።

ዛሬ የግርማ ልጅ ቤዛ መጽሐፉን ስታይ በሳቅ ፍርስ አለች። እሷ እንደ ሕልም የሚንቀረፈፉ አስፈሪ ፊልሞች ነው የምትወደው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው! ከመጨረሻው ጀምረህ እንደኔ ፊልሞች ሬሳ አስነሣህ!"

በትክክሉ ሲነበብ፣ ጀግናው ከእናቱ ቤት እንደወጣ ይቀራል።

ተርጓሚያችን መጽሐፉን ከደነው። "ታዲያ ለእትዬ አስካለ እንደዚህ ላነብላቸው ነበር?"

እናንተስ ቤት ገልብጦ የሚያነብ አልነበረም?