የመንግሥቴ ቅዳሜ

ባሌ ሸማኔ ነው። ከመነሻው ልናገረውና የሚከፋው ይከፋው። መንግሥቴ ይባላል፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ሸማኔ ነበሩ። የእኔ ወገኖች ደግሞ ባለርስት ነን ባዮች ናቸው። ርስቱ ከተወረሰ ቆይቷል፤ ኩራቱን ግን የወረሰው የለም። መንግሥቴን ላገባ ስል እናቴ በሸማኔ ስድብ «ቁጢት በጣሽ ልታመጪብኝ ነው?» ብላ አልጋ ላይ ወደቀች። አገባሁት። እናቴም ተነሳች፤ ሰው ስንት ቀን ይተኛል!

ዲቪው የደረሰው ለእኔ ለአዳነች ነው። ሲያትል ስንገባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መልከጸዴቅ ቀድሞን እዚህ ነበር። ለትምህርት መጥቶ፣ ሬድመንድ አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ቤት ገዝቷል። ደህና ሰው ነው፤ ተቀብሎ አስጠግቶናል፣ ይህን አልክድም። ግን ባሌን ለሰው ሲያስተዋውቅ «መንግሥቴ ይባላል፤ ሙያው ቴክስታይል ነው» ይላል። ቴክስታይል! ሰዉም ፋብሪካ የነበረው እየመሰለው እጁን በአክብሮት ይጨብጠዋል። መንግሥቴ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ሬኒየር ቫሊ የተከራየናት አፓርትመንት ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ የለም፤ ያለው የሽመና ዕቃ ነው። የእኛ አገር ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ምን ይቆፈራል? ከታች ባለው ሰውዬ ጣራ የመንግሥቴ እግር ብቅ ሊል! ስለዚህ ሱፐርማርኬት የጣለውን ጣውላ ሰብስቦ መድረክ ሠራ። እላዩ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ይሠራል። ዳውንታውን ካለው የፓርኪንግ ሥራው ሲመለስ እራቱን እንኳ ሳይበላ እዚያ ይወጣል። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ ፊቱ ይፈታል። ቀን ሙሉ ባለ መኪና ሲጮህበት የዋለ ሰው አይመስልም።

እኔ ሬንተን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ቀን እህቷን ልትጠይቅ የመጣች ዶረቲ የምትባል አሮጊት አንገቴ ላይ ያደረግሁትን ነጠላ ይዛ አልለቅም አለች። «ማን ነው የሠራው?» «ባሌ» አልኳት። እሷም ሸማኔ ኖራለች! ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሴዳር ክሪክ የሚባል የሸማኔዎች ማኅበር አባል ናት። የዚያው ሳምንት ወሰደችን።

ጉድ ነው ያየሁት። የሐኪሙ ሚስት፣ ጡረተኛው፣ ባንክ የሚሠራው፣ ሁሉም «ሸማኔ ነኝ» እያለ ደረቱን ነፍቶ ይተዋወቃል። መንግሥቴ የጥለት ሥራውን ሲያሳያቸው ተነስተው አጨበጨቡለት። ባሌ ሲጨበጨብለት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እንባዬ መጣ፣ ምን ላድርግ! አባል አደረጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥለት አስተምረን አሉት፤ እሺ አለ። የቅዳሜ ኦቨርታይሙን ተወ። አስተማሪ ደመወዝ አለው ብለን ነዋ!

ቅዳሜዎቹ ነጎዱ። ታንክዩ መጣ፣ ኩኪስ መጣ፣ አበባ የተሳለበት ካርድ መጣ። ቼክ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። ኦቨርታይሙ ስለቀረ የቤት ኪራዩን ከአስቤዛው ላይ እየቀነስን መክፈል ጀመርን። «ጠይቃቸው እንጂ» እለዋለሁ። «ያፍሩ ይሆናል፤ ቆዪ» ይለኛል። እንግዲህ እሱ ነው ለእነሱ የሚያፍርላቸው!

አንድ ቅዳሜ ከካሊፎርኒያ አንዲት ሴት ለአንድ ቀን ልታስተምር መጣች። ወንበሩን የደረደረው መንግሥቴ ነው። ሲያልቅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ካረን ለሴትዮዋ ቼክ ሰጠቻት። ዓይኔ እያየ! ካረንን ጠጋ ብዬ «የእኛስ?» አልኳት።

«ኦ፣ አዳነች፤ እንግዳ ይከፈለዋል፣ አባል ግን አይከፈለውም። ደንባችን ነው።»

አያችሁልኝ? ባዕድ ቢሆን ኖሮ ያገኝ ነበር፤ ወዳጅ በመሆኑ ቀረበት። አገሩ ሳለ ሰው እየከፈለ ይሰድበው ነበር፤ እዚህ ደግሞ እያሞገሱ አይከፍሉትም። መንግሥቴ ያን ቀን በአውቶቡስ ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «ካልከፈሉኝ ኦቨርታይሜን እመልሳለሁ። ማስተማሩም ይቀራል፣ ዕቃውንም ፈትቼ አስቀምጠዋለሁ። ሥራ ካልተባለ ምኑን ሠራሁት?» ደነገጥኩ። ያን ዕቃ ከፈታ ባሌ ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁ።

«ሞቼ ነው የምትፈታው! መጀመሪያ ሚቲንጋቸው ላይ እንናገራለን» አልኩት።

ሄድን። እንግሊዝኛው ስለማይሞላለት አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ካረን አዳመጠችንና በለስላሳ ድምፅ መለሰች። ሁላችንም የምንሰጠው በፍቅር ነው፣ እኔም በነፃ አስተምሬያለሁ፣ ገንዘብ ከገባበት ወዳጅነቱ ይበላሻል፣ የአባልነት መዋጮውም ይጨምርና አቅም የሌለው ይወጣል አለች። የመጨረሻው ነገሯ እውነት አለው፤ አልዋሽም። ቀጥላ ግን ከቦርሳዋ አንድ ኤንቨሎፕ አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። ችግራችሁን ሰምተን ለቤተሰቡ አዋጥተናል አለችኝ።

ወፍራም ነው። የቤት ኪራይ ደርሷል። እውነቱን ልናገር፣ ጣቶቼ ጨበጡት።

«ምንድን ነው?» አለኝ መንግሥቴ።

«ርዳታ።»

ፊቱ ጠቆረ። ኤንቨሎፑን ከእጄ ወስዶ በሁለት እጁ ለካረን መለሰላት። «አልተቸገርኩም። ሠራሁ» አለ።

ያለው ይህችን ብቻ ነው። እኔ ስተረጉማት ግን ረዘመች። «ባሌ የእኔ ቢጤ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አላገኛችሁትም፣ የላቡን ነው የጠየቀው፣ ምጽዋታችሁን ለሚለምናችሁ ስጡ» አልኩ። መንግሥቴ ጎሸም አደረገኝ፤ እንግሊዝኛ ባይገባውም የእኔ ድምፅ ይገባዋል።

ካረን ቀላች። «ግን እኮ እኛ እርስ በርሳችን አንከፋፈልም» አለች።

ያን ጊዜ መንግሥቴ ብድግ አለ። «እሺ። በእኛም አገር በወዳጅ መሃል ገንዘብ የለም፤ ወንፈል ነው ያለው። ዛሬ የአንተን ማሳ አጭድልሃለሁ፣ ነገ የእኔን መጥተህ ታጭዳለህ። ያልመጣ ሰው ከመንደሩ ዓይን ይወጣል። እኔ የእናንተን ማሳ ስንት ቅዳሜ አጨድኩ? የሚመጣው ቅዳሜ የእኔ ተራ ነው። ሥራው ፓርኪንግ ነው፤ ካፖርት ያዙ፣ ይዘንባል።»

ተረጎምኩ፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ፤ ነጠላዬንና ነጠላውን አንስተን ወጣን።

ጋሼ መልከጸዴቅ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ሲነጋ ኮል አደረገ። «ሚስተር እገሌና ሚስስ እገሊት ፊት ምን ነካችሁ? አዳነች፣ ዝም አይነቅዝም።» «ዝም አይነቅዝም ጋሼ፤ ቤት ኪራይም አይከፍልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በታላቄ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዘነበ። መንግሥቴ ኦቨርታይም ጠይቆ ገባ። ከሥራ ስወጣ ምሳውን ይዤ ብሄድ፣ የፓርኪንጉ ኪዮስክ ውስጥ ዶረቲ ተቀምጣለች! የመንግሥቴን የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ደርባለች፤ እሱ ውጭ መኪና ያሰልፋል። ሌላ አንድም ሰው አልመጣም። እሷ ብቻ ናት። ወዲያው አንድ ጥቁር መኪና የያዘ ሰውዬ ቲኬቱ ጠፍቶበት መጣና በእሷ ላይ ጮኸባት። ደደብ አላት፣ አለቃሽን ጥሪ አላት፣ መስታወቱን በቡጢ መታው። መንግሥቴ ሮጦ መጥቶ አበረደው፤ እንደ ልማዱ ሶሪ፣ ሶሪ አለ። ዶረቲ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ብቻ አርፎ ነበር፤ እናንተን ሲያስተምር» አልኳት።

በሚቀጥለው ሚቲንግ እጇን ያወጣችው ዶረቲ ናት። አስተማሪ ናት ብያችኋለሁ፤ ድምፅዋ እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል። «እኔ ብድሬን ሄጄ መልሻለሁ። የአንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ገና አለብኝ። የእናንተን መቼ ትመልሳላችሁ? የማትመልሱ ከሆነ ክፈሉ። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ አባል ሆኖ ላስተማረ ሁሉ። መስጠት የፈለገ ደመወዙን ተቀብሎ መልሶ ይስጥ፤ ያን ጊዜ ነው ሰጠ የሚባለው» አለች።

እጅ አውጡ ተባለ። ካረን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አለፈ! በጥቂት ሰው ብልጫ ነው፣ ግን አለፈ። የኮረፉም አሉ፤ አንዱ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። መዋጮውም እንደተባለው ጨመረ፤ እኛም እንደ ሰው ከፈልን። ካረንን አላማትም፤ ቼኩን በገዛ እጇ ጽፋ አምጥታ «መምህር» ብላ ሰጠችው። መንግሥቴ ታች ጥግ ላይ የተጻፈውን አስነበበኝ። «የሽመና ትምህርት» ይላል። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ዕቃው ሳይፈታ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ መልከጸዴቅ የልጁን የሩሐማን ክርስትና ደገሰ። ሬድመንድ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እንደ ልማዱ ባሌን ክንዱን ይዞ «የእህቴ ባለቤት ነው፤ መንግሥቴ። ሙያው ቴክስ...» ሲል መንግሥቴ ቀና አለ።

«ሸማኔ ነኝ» አለ።

አንዲት ወይዘሮ ብርጭቆዋን ከከንፈሯ መለሰች። ጋሼ ደነገጠ፤ ሳቅ ለማድረግ ሞከረ። «ሃሃ፣ ኦኬ! እንግዲያማ ለሩሐማ ጥለት ያለው ቀሚስ ትሠራላታለሃ! ዘመድ አይደለን እንዴ፣ በመሃላችን ዋጋ የለም!»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መንግሥቴ ቀደመኝ።

«እሠራላታለሁ ጋሼ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምሠራላት። በዋጋዬ ነው። ዋጋ የለም ካልክ ደግሞ ወንፈል ነው፤ ሰኞ ጠዋት ፓርኪንግ እጠብቅሃለሁ። ካፖርት ያዝ።»

ጋሼ መልከጸዴቅ ያን ሁሉ እንግዳ አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ቦርሳውን አወጣ።