ጀልባው ላይ ያልወጣሁባቸው ሁለት አርቦች

ጅዳ ሳለሁ የባሕሩን ጥራት የምለካው እኔ ነበርኩ። አትሳቁ! ዋና አልችልም፤ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ሺህ ጊዜ ቢስሚላህ እላለሁ። ጠላቂዋ ማዳም ናት። የአየር ጠርሙሷን በጀርባዋ ተሸክማ፣ እግሯ ላይ ሰፊ ጎማ አጥልቃ ትገባና ከዓሣ ጋር ትውላለች። ለመጥለቅ ከውጭ አገር ለሚመጡ ሴቶችም በየሳምንቱ በስልኳ ወሬ ትጽፍላቸዋለች። ባሕሩ ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል፣ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ቀንዲል የሚሉት ቆዳ የሚያቃጥል ነገር መጥቷል ወይ፣ ኤሊዋ ታይታለች ወይ? ያን ሁሉ ወሬ ለቅማ የምታቀርብላት ግን እኔ፣ የወሎዋ የቤት ሠራተኛዋ ነበርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አርብ ጠዋት ከከተማው ሰሜን ኦብሑር እንሄዳለን። እዚያ ከዳር ተነስቶ ጥልቁ እስከሚጀምርበት ድረስ የሚዘልቅ የእንጨት ድልድይ አለ። ጫፉ ላይ እቆምና፣ ማዳም በስታ ገመድ ያሰረችበትን ነጭ የወጥ ቤት ሳህን ቀስ እያልኩ ወደ ታች እለቃለሁ። ገመዱ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። ሳህኑ ከዓይኔ ሲሰወር ቋጠሮውን እቆጥራለሁ። ሃያ ካልኳት ፊቷ ይበራል፤ ስምንት ካልኳት ጠብ ነው፣ ባሕሩን ያደፈረስኩት እኔ ይመስል። መጀመሪያ ሰሞን ከእኔ በኋላ ራሷ ደግማ ትለካ ነበር። አላመነችኝማ! እኔም አላምናትም፤ ስልክ ይዛ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ስለ እኔ ነው የምታወራው እል ነበር።

ባሕሩ ራሱ የሚታመን አይደለም። ድንጋይ የሚመስል ዓሣ አለ፤ ዝም ብሎ ተኝቶ የረገጠውን በመርዝ እሾሁ ይወጋል። ክንፉን እንደ አውራ ዶሮ የሚነፋው ደግሞ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ነካ ካደረጉት ግን ወላሂ ቀኑን ሙሉ ያስጮሃል። ወይ አገር፣ ድንጋዩ እንኳ የሚጠረጠርበት! ማዳም ይህን ሁሉ የነገረችኝ እንግዶቿን እንዳስጠነቅቅላት ነው።

ከልኬቱ በኋላ ማዳምና እንግዶቿ በጀልባ ይወጣሉ። እኔም አብሬ እወጣለሁ፤ ፎጣ ለማቀበል፣ ሻይ ለመቅዳት፣ ከታች የሚወጣውን አረፋ ለመጠበቅ። አረፋው እስከታየ ድረስ ሰዎቹ ደህና ናቸው። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት የባሕር ጠባቂ ወታደሮች የተሳፋሪውን ሁሉ መታወቂያ ያያሉ፤ ከእኛ ከመጤዎቹ የሚፈልጉት ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ነው። የእኔ ኢቃማ ከማዳም ቦርሳ ይወጣል፣ ለወታደሩ ይሰጣል፣ ተመልሶ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ በእጄ ይዤው አላውቅም።

ያ ካርድ ለእኔ መካ ማለት ነበር። ጅዳ ተቀምጦ መካን አለማየት ምን እንደሆነ ይገባችኋል? በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ እኮ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋትም፤ የማዳምን አርብ ሁሉ ባሕሩ ወሰደው። «ኢቃማሽ ይታደስና መካ ለኡምራ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ በየመን በኩል ወደዚህ አገር ሲመጣ ባሕር ላይ ቀርቷል። መቃብር የለውም። እናቴ ስትሸኘኝ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካዕባ ፊት ቆሜ ዱዓ እንዳደርግለት።

በዚያው ዓመት «ወረቀታችሁን አስተካክሉ» የተባለበት የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ተቃረበ። ከዚያ በኋላ ኢቃማው የሞተበት ሁሉ ይያዛል፣ ይባረራል ተባለ። የእኔም የሚሞተው በዚያው ሰሞን ነበር። ማዳምን ጠየቅኋት። «አድሼዋለሁ፣ ኻላስ» አለችኝ። ማዳም ኻላስ ካለች ደግሞ መጠየቅ የለም።

ጉለይል በሚባለው የጅዳ ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተጋርታ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ሲባል አልሰማሽም? እንቢ በይ፣ አሳዪኝ በያት!»

በማግስቱ አሳዪኝ አልኳት። «ውሸታም ነሽ ልትዪኝ ነው?» ብላ ጮኸችብኝና በሩን ዘግታብኝ ገባች።

የመጀመሪያው አርብ መጣ። ሳህኑን ለቀቅኩ፤ ሃያ አንድ ቋጠሮ። ባሕሩ ዘይት መስሎ ተኝቷል። ማዳምም ያልኳትን ያንኑ ጻፈች፤ ውሃው መስታወት ነው፣ ማዕበል የለም፣ ኑ። ጀልባው ሲቀርብ ግን ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ዛሬ እዚሁ ቆዪ፤ ባሕሩ ይረብሻል፣ ያስታውክሻል» አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ባሕሩን የለካሁት እኔ አይደለሁ? ወታደሩ መታወቂያ ሲሰበስብ ዓይኔን ቦርሳዋ ላይ ተከልኩ። የእኔ ካርድ አልወጣም። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ተቀምጬ ስንት ነገር አሰብኩ።

ሳምንቱን ሙሉ እሷ ስትወጣ ቤቷን ስፈትሽ ሰነበትኩ። መሳቢያዋ ውስጥ የዓሣ ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት፣ የተበጠሰ የመነጽር ላስቲክ፣ ያለቁ ባትሪዎች። የእኔ ኢቃማ የለም፤ ፓስፖርቴም የለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ባዶ መሳቢያ አገኘሁና ዘንዶውን ራሴ ሠራሁት። ኢቃማዬ ሞቷል፣ ዋሽታኛለች፣ ምሕረቱ ባለቀ ማግስት ለወታደር ልትሰጠኝ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሳቋም፣ ዝምታዋም፣ «እራት ብዪ» ማለቷም ሁሉም ማስረጃ ሆነብኝ።

ሁለተኛው አርብ። ሳህኑ አሥራ ዘጠኝ። «ባሕሩ ይረብሻል፤ እዚሁ ቆዪ።» ቃል በቃል ያንኑ!

ጀልባው ነጥብ እስኪያህል ጠበቅኩ። የሴቶቹን ጫማ በየጥንዱ ደረደርኩ፣ ፎጣቸውን አጣጠፍኩ፤ ስሸሽም ሠራተኛ ነበርኩ መሰለኝ። ከዚያ ዐባያዬን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። ጉለይል ስደርስ የአክስቴ ልጅ አቅፋኝ «አብሽሪ፣ አመለጥሽ» አለችኝ። እኔም ያመለጥኩ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ምሕረቱ አልቆ ፍተሻው ሲጀመር ከቤት የሚወጣ ጠፋ። በር ሲንኳኳ መብራት እናጠፋለን፣ ትንፋሻችንን እንይዛለን። እርስ በርሳችንም መጠርጠር ጀመርን፤ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የዘገየችውን «ማንን አገኘሽ?» እያልን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምግቡም አለቀ፣ ልባችንም አለቀ። እጃችንን ሰጠን፤ በአውቶቡስ ጭነው ሹመይሲ፣ ተባራሪዎች የሚቆዩበት ግቢ ወሰዱን።

ሹመይሲ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ መካ እንደዚያ ቀን ቀርቤ አላውቅም። የመንገዱን ሰሌዳ በመስኮት አነበብኩና ያ ረቢ፣ በዚህ መልክ ነው እንዴ የጠራኸኝ አልኩ። ጎኔ የነበረችው ሴት ያመመኝ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ።

አሻራዬን ያነሳው መኮንን ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ።

«ኢቃማሽ ታድሷል እኮ። ለምን ጠፋሽ?»

አንገቴን አስግጌ ኮምፒውተሩን አየሁ።

«አሠሪሽ ጠፋች ብላ ያስመዘገበችው ደግሞ ከሄድሽ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው» አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ጠብቃኛለች ማለት ነው። የአንዷን ሴት ስልክ ለምኜ ደወልኩላት።

«ማዳም፣ ለምን ጀልባው ላይ ከለከልሽኝ?»

«ካርዱ ለእድሳት ቢሮ ገብቶ ነበር፤ ፓስፖርትሽም አብሮ» አለች። «ያለ ካርድ ወታደሮቹ አያሳልፉሽም። ገና አልታደሰም ብልሽ ትሸሻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ፈርተሽ ነው የዋሸሽኝ?»

«አንቺስ ፈርተሽ አይደል የሸሸሽው?»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። «መጥተሽ ውሰጂኝ» አልኳት። «መኮንኑን ስጪኝ» አለች። ስልኩን ሰጠሁት፤ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «አሻራ ሰጥታለች፤ አሻራ የሰጠ ይባረራል፣ ኻላስ» ብሎ መለሰልኝ።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ካርድሽ ቢሮ ነው ያለው» ማለት ምን ይከብዳል? የእኔን ወረቀት ከእኔ ደብቆ እኔን ማቆየት ምን ዓይነት ዘዴ ነው? በእሷ እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን የባሰ እናደዳለሁ። እስከ መጨረሻው ቀን ከሹመይሲ ግቢ ሆኜ ወደ መካ ዞሬ ሰገድኩ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደን አውቶቡስ የታጠፈው ወደ ጅዳ ነው።

ወሎ ስገባ እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ አቀፈችኝ። ስለ እስሩ አልጠየቀችኝም፤ ባዶ እጄን ስለ መምጣቴም አልጠየቀችኝም። ቁጭ እንዳልን እጄን ያዘችና «ለወንድምሽ ዱዓውን አደረስሽለት?» አለችኝ።

«አደረስኩለት፣ እማ» አልኳት። «ካዕባ ፊት ቆሜ።»

አልሐምዱሊላህ ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከማን ጋር ሄድሽ፣ መቼ ሄድሽ፣ ምን አየሽ አላለችኝም። አንድም ሳትጠረጥር አመነችኝ።