ብቻውን የሚኖር ዓሣ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው የዓሣ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛ "ኪሎው ስንት ነው?" አለኝ። ለቤት ማሳመሪያ የሚሸጡ ዓሦች እንደሆኑ ሳስረዳው "ታዲያ ካልተበሉ ምን ያደርጋሉ?" ብሎ ስቆብኝ ሄደ።

አሠሪዬ ጋሽ ከድር የውሃ ጎማና ባልዲ ሰጡኝ። "አንቺ የምትጠብቂው ዓሣውን አይደለም፣ ውሃውን ነው" አሉኝ። ከዚያ ቤታዎቹን አሳዩኝ። ቤታ አውራ ጣት የሚያህል፣ ክንፉ ረጅም የሆነ ዓሣ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ብርጭቆ ተቀምጧል፤ በብርጭቆዎቹ መካከል ካርቶን ቆሟል። ወንዶቹ ከተያዩ ይናደዳሉ፣ ከተገናኙ ይቦጫጨቃሉ። ካርቶኑን ማስተካከል የየጠዋት ሥራዬ ሆነ።

የክንፍ መበስበስን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የክንፉ ጫፍ ይጠቁራል ወይም ይነጣል፣ ከዚያ እንደ አሮጌ ነጠላ ይተለተላል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቆሻሻ ውሃና ብርድ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ለቤታ አይሆንም። ደንበኞቼ ግን ከራሳቸው ሕመም የተረፈ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍተው ይጨምሩበታል። ሌሎቹ ደግሞ ውሃ በመጣ ቀን ደስ ብሏቸው ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ይገለብጡና ከነክሎሪኑ ከቧንቧ ይሞሉታል። ስንቱን ተቆጥቻለሁ!

ጋሽ ከድር ሲደክማቸው ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው የአየር ፓምፑን ድምፅ ነው። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ማንም የማይነግረው ዝምታውን ነው። እኔን ከብዶኛል።

ወይዘሮ አስካለ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ደንበኛዬ ናቸው። የድሮ ሰፈራቸው ሲፈርስ ጎረቤቶቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ እሳቸው አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ነፍስ ያለው አንድ ቀይ ቤታ ብቻ ነው። በቁጣ ስለሚነፋ ሻምበል ይሉታል። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

"ሻምበል ክንፉ እየረገፈ ነው። እሱ ከሞተ ሌላ አልገዛም፣ አልችልም። ቶሎ ነይልኝ።"

ስደርስ ውሃው አይሸትም፣ ማሞቂያውም ይሠራል። ክንፉ ግን ተቦጫጭቋል፣ የተቀደደው ጫፍ ጠቁሯል። ግራ ገባኝ።

"እማማ፣ ሌላ ዓሣ አስገብተውበት ነበር እንዴ?"

"ሁልጊዜ ብቻውን ሲበላ አንጀቴን በላው። ጓደኛ ገዛሁለት። ገደለው።"

ልቆጣ ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። "ይሄ ዓሣ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ተፈጥሮው ነው። ይለምደዋል" አልኳቸው።

"እኔም እዚህ ስገባ 'ይለምዱታል' ብለውኝ ነበር" አሉ።

የውሃውን ሲሶ ቀድቼ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ ባሳደሩት ውሃ ተካሁት፤ መጀመሪያ ግን ለብ አደረግሁት። ታች የወደቀውን ምግብ ጠረግሁ። መብራት ከጠፋ ገንዳውን በጋቢ እንዲጠቀልሉት ነገርኳቸው። መበስበሱ ወደ ገላው ስላልገባ መድኃኒት አልሰጠሁም። "የሚያድገው አዲስ ክንፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስና ጥርት ያለ ነው። ያንን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ እየዳነ ነው ማለት ነው" አልኳቸው።

እየተመላለስኩ ውሃውን ቀየርኩ። ጥቁሩ መስፋፋቱን ሲያቆም መሄዴንም አቆምኩ። ሥራው አልቋላ! እውነቱን ለመናገር ያ አራተኛ ፎቅ ናፈቀኝ።

ከጊዜ በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"ነይ እስቲ፣ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል።"

"ምን ይመስላል?"

"ስስ ነው። ጥርት ያለ።"

"ድኗል" ብዬ መዝጋት እችል ነበር። ሱቁን ቆልፌ ሄድኩ።

ሻምበል አዲሱን ክንፉን ዘርግቶ ይዋኛል። ጠረጴዛው ላይ ሽሮ ቀርቧል፤ አጠገቡ ሁለት ወንበር ተቀምጧል።

"እማማ፣ ይሄ አዲስ ክንፍ መሆኑን ነግሬዎት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እጅሽን ታጠቢና ነይ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ተቀምጬ ምሳ በላሁ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። ቤታን ብቻውን አስቀምጡት፤ ውሃው ንጹሕና ሙቅ ከሆነ ክንፉ ይመለሳል። ደንበኛ ሲደውል ግን በስልክ አትጨርሱ። ሄዳችሁ እዩ።