ቀርከሃው ባሕር ማዶ ሲነፋ

ከማንኪራ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዝናቡ አላባራም ነበር። ባለቤቴ ማር ቋጥራልኝ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘችኝ። "አማረችን አስታመህ ይዘሃት ና" አለችኝ። አማረች አንዲት ልጃችን ናት፤ ጀርመን አገር ነርስ ሆና ስትኖር ታመመች። እናቷን ጉልበቷ እምቢ ስላላት እኔ ሄድኩ።

ማሩን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብኝ። ልጄም ብርዱን አልተሻገረችም፤ እዚያው ቀበርኳት።

መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እናትየዋን የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው። ቦንጋ ያሉት ዘመዶች እኔ እስክደርስ ብለው ባለቤቴን ደብቀዋታል። እኔም ስትደውል፣ አማረች ጉሮሮዋን ታማ ማውራት ተከልክላለች እያልኩ አቆያታለሁ።

እንዳልሄድ ደግሞ የአማረች ልጅ አለች፤ ገና ድክ ድክ የምትል። አባቷ የት እንደገባ አይታወቅም። ተርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዤ ቢሮ ገባሁና፣ ልጅቷን ይዤ አገሬ ልግባ አልኩ። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ መለሰችልኝ።

"እርስዎ መሄድ ይችላሉ። ሕፃኗ ግን ጉዳይዋ ሳያልቅ አትወጣም።"

"ከማን ጋር ትቆይ?"

"እሱ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው።"

ያኛው ቢሮ ደግሞ ወደዚችው መለሰኝ። እንዲህ ሆኜ ቀረሁ፤ ድንች እየበላሁ ቆጮ እያሰብኩ። የዚህ አገር ዝናብ እንኳ ድምፅ የለውም።

አማረች በከተማዋ የማርሽ ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ትነፋ ነበር። ጓደኞቿ የመታሰቢያ ዜማ ሠሩላት፤ በሕፃን ለቅሶ ይጀምራል፣ ልጅነት ይመጣል፣ ጋብቻ፣ እርጅና፣ ቀብር፣ ከዚያ መልሶ የሕፃን ለቅሶ። መሪያቸው ደግ ሰው ነው፤ በእናንተ አገር ሰው ሲሞት ምን ይነፋል ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ መንደር ቀርከሃ ነው፣ አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፣ ወንዶቹ ሲቀባበሉት ዜማ ይሆናል፣ ሸለቆ ማዶ ያለ ሰው ሰምቶ ለለቅሶ ይነሳል አልኩት። አንጎራጎርኩለትም። ከዜማው ጋር አስገባው።

የሚነፋ ዕለት ልጅቷን ታቅፌ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ባለቤቴ ደወለች። በዓል ነው አልኳት። የሕፃኑን ለቅሶ ትስማ፣ ደስ ይላታል ብዬ ስልኩን ክፍት ተውኩት፤ ቀብሩ ሳይደርስ ልዘጋው ነበር ሐሳቤ። ልጅነቱን ሲነፉ ግን አማረች በጫካው መንገድ ስትሮጥ ታየችኝና ስልኩን ጉልበቴ ላይ ረሳሁት። የባነንኩት የእኛ ቀርከሃ ዜማ ከዚያ ሁሉ የነሐስ መሣሪያ መሀል ሲወጣ ነው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ከዚያ፣

"የአማረች አባት፣ ማን ነው የሞተው?" አለችኝ።

"የዚህ አገር ሰው ነው።"

"ለዚያ አገር ሰው የእኛን ለቅሶ ማን ነፋለት?"

ባንዱ ወደ ሕፃኑ ለቅሶ ተመለሰ፤ ያቀፍኳትም ልጅ አብራ አለቀሰች።

"አጠገብህ የሚይዝህ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት። "አንቺስ?"

ከዚያ ወዲያ በስልኩ የሰማሁት ቆርቆሮውን የሚመታውን የማንኪራን ዝናብ ብቻ ነው።