የሌላ ሰው ልጆች ስብሰባ

የኔነሽ ከሀበሻ አገር ተሰዳ፣ ዴም በሚባል ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ከልጇ ከልደት ጋር ትኖር ነበር። በየማለዳው ልጅቷ ሳትነቃ ሐፍላ በሚሉት አውቶብስ ተሳፍራ አርካዊት ወደሚባለው ሰፈር ትሄዳለች። ሙሚና በምትባል የመድኃኒት ቤት ባለቤት ዘንድ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የሙሚናን ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ሙሚና ፋታ ስለሌላት የወላጆች ስብሰባም የምትሄደው እሷው ነበረች። የልጆቹን መምህራን በየስማቸው ትጠራለች፤ ትንሹ ማባዛት እንደሚከብደው፣ ትልቋ ከፊት ካልተቀመጠች ሰሌዳው እንደማይታያት ጠንቅቃ ታውቃለች። የልደትን ነገር ግን ለትምህርት ቤቷ ትታዋለች። «እኔ አስመዘገብኩ፤ ማስተማሩ የእነሱ ፋንታ ነው» ትል ነበር።

በዚያ አገር አብዮት በተነሣ ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መንግሥት ወርዶ ተከፈቱ ሲባል ደግሞ ኮሮና መጣ። ሲዘጋ ሲከፈት፣ የኔነሽ የልጇን ክፍል የምትቆጥረው በግምት ሆነ።

አንድ እሑድ፣ እዚያ አገር የትምህርት ቀን ነው፣ በሙሚና ልጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህርቷ «እንደዚህች ያለ ተከታታይ ወላጅ ይብዛልን!» ብላ በሰው ፊት አመሰገነቻት። የኔነሽ «ሠራተኛ ነኝ» አላለችም። ስትመለስ ሰልፈኞች ጎማ አቃጥለው መንገዱን ስለዘጉት ሐፍላው ዴም ዳር አወረዳት። በልደት ትምህርት ቤት በኩል ስታልፍ እዚያም ወላጆች ሲገቡ አየች። ምስጋናው ገና ልቧን ሞልቶት ነበርና ገባች።

አራተኛ ክፍል በር ላይ «የልደት እናት ነኝ» አለች። መምህሩ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላበጠ።

«እዚህ የለችም። ሦስተኛ ክፍል ጠይቂ።»

«ተሳስተሃል፣ አራተኛ ናት!» አለች ጮክ ብላ። ወላጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት።

ሦስተኛ ክፍል ያገኘቻት መምህርት ዘሃራ ትባላለች። «አክስቷ ነሽ?» አለቻት።

«እናቷ ነኝ።»

ዘሃራ መዝገቧን ዘጋች። «እናቴ ሀበሻ አገር ናት ብላን ነበር። ማንበብ ስላቃታት ክፍል ደግማለች። ሦስት ጊዜ ወረቀት ላክን፤ ሰው ሲጠፋ እውነቷን ነው አልን።»

የኔነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንዴት እንደወጣች አታስታውስም።

ቤት ስትደርስ እጇን ለጥፊ አነሳች። ልደት ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ኡስታዛ ዘሃራ ሁልጊዜ እናትሽ የታለች ትላለች። ሥራ ናት እላለሁ። ከዛ ኸላስ፣ ሰለቸኝ፤ ሀበሻ አገር ናት አልኩ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«አንቺ ዐረቢ አታነቢም። መጥተሽ ትተኛለሽ።»

የእናትየው እጅ ወረደ። ስለ ሙሚና ልጆች የምታውቀውን ያህል ስለዚህች ልጅ አለማወቋ አንገቷን አስደፋት።

በማግስቱ ወደ ልደት ትምህርት ቤት እንድትሄድ ሙሚና እሑድ እሑድ ጠዋት እንድትለቃት ጠየቀቻት።

«የልጆቹ ስብሰባስ? ማን ይሄዳል?»

«እናታቸው ትሂድ» አለች። ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ራሷ ደነገጠች።

ሙሚና ቀና ብላ አላየቻትም። የልጆቿን መምህራን ስም አንድ በአንድ ጠየቀቻትና ወረቀት ላይ ጻፈች። «ጠዋት ብቻ» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ የኔነሽ እሑድ እሑድ ዘሃራ ዘንድ መሄድ ጀመረች። «ፊደሉን ባታውቂም አጠገቧ ተቀመጪ» አለቻት መምህርቷ፤ «ስትደናቀፍ ጆሮሽ ይነግርሻል። እኛ እናስተምራለን፣ አንቺ አስደግሚያት።» ከሥራ መልስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልደት ስታነብ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ሲጎረብጣት «እስቲ ከላይ ጀምሪው» ትላለች።

ልደት ግን ቶሎ አልተፈታችላትም። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች «ይቺ ማናት?» ሲሏት አመንትታ «እናቴ ናት፣ ከሀበሻ መጣች» ትላቸው ነበር። የኔነሽ ትሰማለች፤ አታርማትም። በምን አፏ?

ዓመቱ ሲያልቅ ልደት ወደ አራተኛ አለፈች፤ በውጤት ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና።