የቦክሰኛው ልጅ ክረምት

አባቷን ሰፈሩ ሁሉ መዶሻ ይለዋል። በጉብዝናው ወራት ቀኝ እጁ ያረፈበት ሰው በራሱ እግር ከመድረክ ወርዶ አያውቅም ይባል ነበር። እሷ ስትወለድ ግን ቡጢውን ትቶ የመጋዘን ጥበቃ ሆኗል። መዶሻነቱ ለቤቱ ሰው ብቻ ቀርቷል።

እሷን ደግሞ ጠጠር ይሏታል። ትንሽ ናት፤ ጫማ ውስጥ ከገባች ግን ታነክሳለህ። ፊደል ከመቁጠሯ በፊት የተማረችው የአባቷን ፊት ማንበብ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ስትቀላ እናቷ ሳህን ታነሳለች፣ ታላቅ ወንድሟ በሩን ይከፍታል፣ እሷ አልጋ ሥር ትገባለች። አንድ ቀን ጠዋት መዶሻ ጫማውን ፈልጎ አጣ። ቤቱን አተራመሰው፤ "ማን ነው የወሰደብኝ?" እያለ ዞረ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር። እናቷ ቀስ ብላ ብትነግረው የሳቀችበት መሰለውና ክንዷን ይዞ ጠመዘዘው። አጥንቷ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየና ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "ምን ሆኜ ነው?" አለ። ጥያቄውን ጠጠር ይዛው ቀረች።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መካኒካል ምሕንድስና መረጠች። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞሉም ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ በሳይንስና በምሕንድስና ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ተማሪዎች፣ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከዘመዶቻቸው ማንም ዩኒቨርሲቲ ያልረገጠላቸው፣ ክረምቱን ከተመራማሪዎች ጋር እንዲሠሩ ዕድል ተከፍቷል ይላል። ጓደኞቿ ኮምፒውተር ወዳለበት ሮጡ። እሷ የመረጠችው ሄልሜት፣ ጠንካራው የራስ መከላከያ ቆብ፣ የሚፈተሽበትን ላቦራቶሪ ነው።

ላቦራቶሪውን የምትመራው ዶክተር ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች።

"ለምን እኛን መረጥሽ?" አለቻት።

"ጭንቅላት ሲመታ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነው፣ ዶክተር።"

"ሌሎቹ ልምድ ለማግኘት ነው ያሉኝ።"

"ልምዱስ አለኝ" አለች ጠጠር።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ተቀበለቻት።

ላቦራቶሪው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዘይትና ጎማ የሚሸት ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የተዘረጋ ሐዲድ አለ። በሐዲዱ ላይ ጎማ የለበሰ የብረት ጭንቅላት ሄልሜት ደፍቶ ይሰቀላል፤ ይለቀቅና ቁልቁል ወርዶ ከብረት ጠረጴዛ ጋር ይላተማል። ውስጡ ያሉት መለኪያ ሴንሰሮች የምቱን ኃይልና የጭንቅላቱን መዞር ለኮምፒውተሩ ይነግራሉ። ሠራተኞቹ ጭንቅላቱን "ሰውዬው" ይሉታል።

በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው ሲወድቅ ጠጠር ራሷን ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር አገኘችው። እንዴት እንደገባች አታውቅም። በአንድ ዓመት የሚቀድማት፣ ሳይመረቅ ራሱን መሐንዲስ ብሎ የሚጠራ ተማሪ ሳቀባት።

"በልዩ አስተያየት የገባ ሰው ቦታው እዚያ ነው" አለ።

ዶክተሯ የጆሮ መከላከያ አመጣችላትና "ከነገ ጀምሮ የምትለቂው አንቺ ነሽ" አለቻት።

እውነትም የማስለቀቂያውን ቁልፍ ራሷ መጫን ስትጀምር ፍርሃቱ ለቀቃት። በፍርሃቱ ቦታ ግን ሌላ ነገር ገባ። ሰውዬውን መጣል ወደደች። አንስታ ትጥለዋለች፣ ደግማ አንስታ ትጥለዋለች፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ሄልሜቱ ተሰንጥቆ ጎማው እስኪላጥ። አንድ ቀን ዶክተሯ ከኋላዋ ቆማ ስታያት ቆየችና፣

"ማንን ነው የምትጥይው?" አለቻት።

ጠጠር ሰውዬውን ደግማ ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

"ኮምፒውተሩን አላበራሽም እኮ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዋን በወጉ ያዘች። ቡጢኞች ለልምምድ የሚያደርጉትን የራስ መከላከያ ከወንድሟ ተውሳ ሰውዬው ላይ አሰረችው። መከላከያው ቆዳን ከመቀደድ ያድናል። ጭንቅላቱ ከጎን ሲመታ ግን ከነመከላከያው ይሽከረከራል፤ አንጎል የሚጎዳው ደግሞ በመሽከርከሩ ነው። የሚዘርር ትልቅ ምት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው "ምንም አልሆንኩም" ብሎ የሚያልፈው ትንሹም ይጠራቀማል። ይህን ባየች ቀን ወንድሟ ትዝ አላት። ጥላ ይሉታል፤ የተቃራኒው ቡጢ አያገኘውም ለማለት ነው። አሠልጣኙ አባቱ ነበር፤ ጥላ ለቅዳሜ ትልቅ ግጥሚያ ይዟል።

ሐሙስ ዕለት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አራቱም ለራት ተቀምጠው ነበር። እናቷ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ውላ ገና መግባቷ ነው። ጠጠር ስለ ራስ መከላከያው ለወንድሟ ስታስረዳው መዶሻ አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ይጠጣል።

"ቆዳህን ብቻ ነው የሚጠብቅልህ" አለችው። "ውስጡን ይዞት ይዞራል።"

"እና ቡጢ ተው ነው የምትይኝ? አንድ ክረምት ብረት ጣልሽና አዋቂ ሆንሽብን?"

"ተወው። አባዬን አታየውም?"

ቃሉ አምልጧት ወጣ። ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

"አባዬን ምኑን ነው የሚያየው?" አለ መዶሻ።

እናቷ ሳህኑን ማንሳት ጀምራለች። ጠጠር ግን ጠባሳውን ማየት ትታ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ጭንቅላትህ ታሟል አባዬ። የቡጢው ነው። ሐኪም ይይህ።"

"አበደ በይኛ።"

ቀኝ እጁ ሲመጣ አላየችም። ጆሮዋ ላይ አረፈ፤ ከቁምሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተላተመችና የፊት ጥርሷ ከነሥሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። በፀጉሯ አንስቶ ደገማት። እናቷ ጀርባው ላይ ተንጠለጠለች፤ እንደ ኮት አራግፎ ጣላት፣ ጎኗ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ጥላ አባቱን ከወገቡ አቅፎ እየጎተተ ወደ ግቢው አወጣው።

ግቢው ውስጥ መዶሻ ፊቱ ድንገት በራ። እጆቹን አገጩ ሥር ከፍ አድርጎ በእግሩ ጣት መንጠር ጀመረ። ጂም ውስጥ ያለ መስሎታል።

"ግራህን አንሳ" አለ ልጁን። "ደጋግሜ አልነገርኩህም? ግራህን።"

"በቃ አባዬ።"

ምቱ የጥላን አፍንጫ ሰበረው። ልጁ አባቱን መትቶ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ሰውነቱ ሳይጠይቀው መለሰ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ፣ ልክ አባቱ እንዳስተማረው። መዶሻ ወደ ኋላ ሄደና ማጅራቱ ከቧንቧው የሲሚንቶ መደብ ጋር ተጋጨ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩና የአባትና የልጅ ነገር ነው ብለው ተመለሱ።

ትንሽ ቆይቶ መዶሻ ተነስቶ ቁጭ አለ። "ማን አሸነፈ?" አለ። ከዚያ እንቅልፌ መጣ ብሎ ተጋደመ።

"ይተኛ" አለ ጥላ፣ ደሙን በክንዱ እየጠረገ። "ጂምም እንዲህ ነው፤ ሲነቃ ይሻለዋል።"

ጠጠር በጉልበቷ እየዳኸች ደረሰች። አፏ ደም ሞልቷል። የአባቷን የዓይን ቆብ ገለጥ ብታደርግ የአንዱ ዓይን ብሌን ሰፍቷል፣ የሌላው ጠቧል። ትርጉሙን በዚያ ክረምት አንብባዋለች።

"ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። ከተኛ አይነሳም። እማዬ፣ ታክሲ ጥሪ።"

እናቷ ጎኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጠጠር ደግማ ጠራቻት። እናቷ አየቻት፣ ባሏን አየችው፣ እዚያው ቆመች። በመጨረሻ ጥላ አባቱን ተሸክሞ ወደ መንገድ ሮጠ።

ሐኪሞች የራስ ቅሉን ከፍተው ደሙን አፈሰሱለት። "ትንሽ ብትዘገዩ አልቆ ነበር" አሏቸው። ኮሪደሩ ውስጥ እናቷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"ለምን እንዲተኛ አልተውሽውም?" አለቻት።

በድምጿ ቁጣ አልነበረም። ሻይ ትጠጫለሽ ወይ የምትል ነው የምትመስለው። ፖሊስ ሲመጣ እናቷ "ወድቆ ነው" አለች። ጠጠር ግን የሆነውን እንዳለ ተናገረች፤ ጥላም ጥቂት ቀን ታስሮ ወጣ። በዚህም ሳይቀየማት አልቀረም።

ላቦራቶሪው ስትመለስ ፊቷ እንዳበጠ ነበር። መሐንዲሱ ሊቀልድ አፉን ከፈተና አይቷት ዘጋው፤ ወንበር ሳበላት። ዶክተሯ ቤትሽ ዕረፊ ብትላት "ዕረፍት ያለው እዚህ ነው" አለች። ማስለቀቂያውን ለመጫን ግን ጣቷ እምቢ አላት። ዶክተሯ ራሷ እየለቀቀች፣ ጠጠር የኮምፒውተሩን ንባብ እየመዘገበች ሥራው አለቀ።

በክረምቱ ማብቂያ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ለእንግዶች አቀረቡ። የቡጢ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከእሷ ፊት ቆመ።

"ሴት ልጅ ስለ ቡጢ ምን ታውቃለች?" አላት።

"የቀመሰችውን ያህል" አለችው።

ጥርሷ የወለቀበት ቦታ ይታያል። ሰውየው ቀልድ መሰለውና ስቆ አለፈ። መከላከያውንም እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ጥላ ቡጢ አቆመ። የእሷ ጥናት አሳምኖት አይደለም፤ ቡጢውን ሲጨብጥ እጁ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረው። አሁን የጭነት መኪና ይነዳል። መዶሻ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ግድግዳ ተደግፎ ይውል ነበር። "ማን ነው የመታኝ?" ይላል። "ወድቀህ ነው" ትለዋለች ሚስቱ። የምታበላው እሷ ናት። አንዳንድ ቀን ሾርባውን ሳታበርደው ታጎርሰዋለች፤ ጠጠር አይታ አልፋለች።

መዶሻ ሲሞት ጠጠር እዚያው ላቦራቶሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራ ነበር። አንጎሉ ይመርመር አለች። ጥላ ተቆጣ። "በቁሙ የተመታው አይበቃውም? አሁን ደግሞ በቢላ?" አላት። የወሰነችው እናታቸው ናት፤ "ይታይ" አለች፣ "እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ውጤቱ ሲመጣ ጠጠር እናቷ አንሶላ ወደምታጥብበት ሆቴል ሄደች። እናቷ በእንፋሎቱ መሐል የደረቀ አንሶላ ታጥፋለች። ጠጠር የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት።

"አንጎሉ በብዙ ቦታ ተጎድቷል፣ እማዬ። ቁጣውም መርሳቱም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ።"

"እንግዲህ እሱ አልነበረም ማለት ነው?"

"አብዛኛው በሽታው ነው።"

እናቷ አንሶላውን ወጠር አድርጋ ያዘች።

"ቡጢ የጀመረው ከተጋባን በኋላ ነው" አለች። "ከዚያ በፊት መጋዘን ውስጥ ጫኝ ነበር። ያኔም መትቶኛል። እሱንስ በምን ለካችሁት?"

"እሱን አልለካንም፣ እማዬ። አናውቅም።"

"እንግዲያው አናውቅም ብለሽ ጻፊው" አለችና ሌላ አንሶላ ሳበች። ጠጠርም ጫፉን ተቀበለቻት።