በጨለማ የተቆጠረ ግብ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ጥያቄ መልስ ስላጣሁ ነው። ጥያቄው ትንሽ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲነገር ምናልባት ያስቃል። ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር ክፍሉ ድንግዝግዝ አለ። መጽሐፌን አጥፌ ስቀመጥ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ባዶ አየር ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ኳስ እያቀበሉ ነበር።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ከቤታችን ሁለት በር አለፍ ብሎ መስኮት የሌለው ጌም ቤት ነበር፤ የጋለ ቴሌቪዥን፣ የረጠበ የጭቃ ግድግዳና የወጣት ላብ የሚሸት አንድ ክፍል። ባለቤቱ በወጣትነታቸው የሰፈር ቡድን በረኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ራሳቸው ጆይስቲክ ጨብጠው አያውቁም፤ ሆኖም እኔንና ጓደኛዬን ለስክሪን እግር ኳስ ውድድር ሊያሠለጥኑን ቆርጠው ተነሥተው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከእሪ በከንቱ እስከ ፒያሳ ዳገቱን ያስሮጡን ነበር። ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ሩጫ ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቃቸው «የሚቀመጠው ቂጥህ ነው፤ ልብህ ይሮጣል» አሉኝ። ከሩጫው መልስ ደግሞ ጣቶቻችን እንዲፈጥኑ በግራ እጃችን ምስር ያስለቅሙናል። ሥልጠና ይሁን የሚስታቸውን ሥራ ማቃለል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጓደኛዬ ግን «ግድ የለም ጋሼ፣ በዋንጫው ወጥ እንሠራበታለን» እያለ ይለቅም ነበር።

መብራት ሲጠፋም ጨዋታው አይቆምም። ጆይስቲኩን እንደያዝን በቃል እንቀጥላለን፤ አጥቂው ኳሱን ወዴት እንደላከ ይናገራል፣ ተከላካዩ ማንን የት እንዳቆመ ይመልሳል። «ሜዳው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካልታያችሁ ስክሪኑም አያሳያችሁም» ይሉ ነበር። ለዚህ ጨዋታ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በጨለማ ግብ የሚጸድቀው የተቆጠረበት ሰው ራሱ «ገባ» ሲል ብቻ ነው።

ቦሌ አካባቢ ባለ አዳራሽ ውድድር መኖሩ ተሰማ። ከየጌም ቤቱ የሚቀበሉት አንድ ተጫዋች ብቻ ነበር። እኔ በምንም ነገር ተመርጬ ስለማላውቅ ይህችን ዕድል አጥብቄ ፈለግኋት። ጓደኛዬም ፈልጓታል፤ ደግሞም ከእኔ ይሻል ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ጋሼ እርስ በርስ አጋጠሙን። አንድ ለአንድ እኩል ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። የስክሪኑ ጩኸት ተቋርጦ ከመንገድ የታክሲ ረዳት ጥሪ ብቻ ይሰማ ጀመር።

«ቀጥሉ» አሉ ጋሼ ከበሩ በኩል።

«በቀኝ መስመር ይዤ ወጣሁ» አልሁ።

«ተከላካዬ ደርሶብሃል።»

«ሳይደርስብኝ አሻገርሁት።»

«በረኛዬ ወጥቷል። አሁን ምን ይውጥህ፣ ፋራው?»

«በግንባር፤ ወደ ሩቁ ቋሚ።»

ዝም አለ። በጠፋው ማሽን ላይ የሚጫናቸው ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ እነርሱም ቆሙ።

«ገባ» አለ በቀስታ።

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ከተጫወትነው ምንም አልያዘም። ጋሼ ወደ እኔ ጠቁመው «አንተ ትሄዳለህ» አሉ። ጓደኛዬ ጃኬቱን አንሥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ሄደህ እንዳታሰድበን» ብሎ ወጣ። ፊቱን ላየው ሞክሬ ነበር፤ ዓይኔ ግን ብርሃኑን ገና አልለመደውም።

በአዳራሹ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፍሁ። ስመለስ ጓደኛዬ በራችን ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«መብራት ነበር?»

«ነበር።»

«በቃ፣ እሱ ነው የጎዳህ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጠይቀው ያሰብሁትን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ እኔ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነበርሁ። ስመጣ የጓደኛዬ ቤት በር አልነበረውም። ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ዳሩ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስልኩም አይጠራም። ጋሼን ያገኘኋቸው ከጌም ቤቱ ጣሪያ የወረደውን ቆርቆሮ ሲያስጭኑ ነው።

«ጋሼ፣ ያች ኳስ ገብታ ነበር?»

የትኛዋ ብለው አልጠየቁኝም። «እኔ በረኛ ነበርሁ» አሉ። «ሳይገባበት ገባ የሚል በረኛ አይቼ አላውቅም።» ቆርቆሮውን በገመድ አጥብቀው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱ ግን በረኛ አልነበረም።»

ይህን መልስ ደጋግሜ አገላብጬዋለሁ። አንዳንድ ቀን ገብታለች እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ዝምታ ለእኔ ሲል «ገባ» ለማለት የወሰነበት ጊዜ ይመስለኛል። የቱን እንደምመርጥ እንኳ አላውቅም።

የጠፋው ይህ ነው። አንድ ክፍል። ሁለት ጆይስቲክ። አንድ ጓደኛ። አንድ ግብ፣ ገብቶ ከሆነ።